የቤት ለቤት እንክብካቤ፦ የኃላፊው፣ የሠራተኛዋና የተገልጋዩ ግንኙነት

በአገራችን የመጀመሪያው የኮሮና ቫይረስ ሕመምተኛ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ከተገኘ በኋላ አረጋውያንና የቆየ ሕመም ያለባቸው ወገኖች ከቤት እንዳይወጡ ይመከሩ ነበር። ተንከባካቢያቸው በየቀኑ ከውጭ የምትመጣ ከሆነ ግን ምክሩ ብቻውን አይጠብቃቸውም። በካዛንቺስ ባለ አንድ ጠባብ የቀበሌ ቤት ውስጥ አስታማሚና ታማሚ ሁለት የአዋቂ እርምጃ ተራርቀው ሊውሉ አይችሉም፤ ገላ ማጠብ፣ ማጉረስ፣ ደግፎ ማስነሣት መቀራረብን ግድ ይላል።

አደጋው የሚጀምረው ከዚህ ቀደም ብሎ ነው። ጠዋት ትኩሳት የተሰማት ተንከባካቢ፣ የቀረችበት ቀን ከደመወዟ እንደሚቆረጥ ካወቀች ሕመሟን ደብቃ መምጣቷ አይቀርም። በቤተሰብ የተቀጠሩ የቤት ሠራተኞች በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ስለማይሸፈኑ፣ የሕመም ቀን ክፍያቸው በአብዛኛው በአሠሪው በጎ ፈቃድ ላይ የተንጠለጠለ ነው። ስለዚህ ይህ ክፍያ የቸርነት ጉዳይ ሳይሆን ከጭምብልና ከሳሙና እኩል የመከላከያ መንገድ ነው።

ሠራተኛዋን የሚልከው ድርጅት ከሆነ፣ ኃላፊው ተተኪ አስቀድሞ ሊያዘጋጅና አንዲት ሠራተኛ ብዙ ቤት እንዳትዞር ሊያደርግ ይገባል። ቤተሰቡም በቤት ውስጥ የሚያስል ሰው ካለ ከመግባቷ በፊት ይንገራት፤ ይህ ብዙ ጊዜ በይሉኝታ ይታለፋል። መስኮት ይከፈት፤ ታማሚውም ከቻለ ጭምብል ያድርግ።

ትኩሳት፣ ደረቅ ሳል ወይም የትንፋሽ ማጠር በማንኛቸውም ላይ ከታየ በነፃ የስልክ መስመር 8335 ይደወል። ደዋይዋ ሠራተኛዋ ብትሆን በዚህ ምክንያት ከሥራ እንደማትሰናበት አስቀድሞ ይነገራት።