የሞተሩ አባት ማነው?

አምቦ ላይ ሞተር ሳይክል ሊገዛ የተነሣ ሰው ከዋጋው ቀድሞ «የየት አገር ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ጃፓን ከተባለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ኪሱን ያሰላል። ሕንድ ከተባለ ራሱን ነቅንቆ ወደ ዋጋው ያልፋል። ቻይና ከተባለ ደግሞ ለማስቀነስ የሚሆን ሰበብ ተገኘለት። ጥያቄው የሞኝ ጥያቄ አይደለም፤ ብዙ ሰው ከስሮ የተማረው ነው። ነገር ግን በቤንዚን ታንኩ ላይ የተለጠፈው ስምና ከሥሩ የተቀመጠው ሞተር ብዙ ጊዜ የአንድ አገር ልጆች አይደሉም።

አስቀድሞ ስለ መንገዱ እናውራ፤ ሞተር የሚመሰገነውም የሚታማውም በሚሄድበት አገር ነውና። አምቦ ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች። አየሩ ስስ ነው፤ ሞተር ደግሞ ያለ አየር ቤንዚኑን ማቃጠል አይችልም። በባሕር ጠረፍ 11 የፈረስ ጉልበት የሚሰጥ 125 ሲሲ ሞተር እዚህ ዘጠኝ ቢሰጥ ነው። ወደ ደንዲ ወይም ወደ ወንጪ አፋፍ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ሲወጣ ሩብ ያህል ጉልበቱ ይጠፋል። ካርቡሬተሩ ለቆላ ተመጥኖ የመጣ ከሆነ ቤንዚኑን በቆላ ልክ ያፈሳል፣ አየሩ ግን አይበቃውም። ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል፣ ማርሚታው ያጨሳል፣ ባለቤቱም «ቻይና ምን ይጠበቃል» ብሎ ይማረራል። ጃፓን የተሠራውም እዚያው ቦታ ላይ ያው ነው። ቤንዚን የሚያሳልፈውን ቀዳዳ ጠበብ ባለው መለወጥ ብዙውን ሐሜት ዝም ያሰኛል።

ከዚያ አፈሩ ይመጣል። የግንጪ አካባቢ መረሬ ለጤፍ የተባረከ፣ ለጎማ የተረገመ አፈር ነው። ክረምት ላይ ጭቃው በፊት ጎማና በፓራፋንጎው መካከል እየተጠቀጠቀ ገብቶ ጎማውን ቀጥ ያደርገዋል። ለከተማ አስፋልት የተሠሩት ሞተሮች ፓራፋንጎ ጎማውን ተጠግቶ የተቀመጠ በመሆኑ አሽከርካሪው በየጥቂቱ እየወረደ በእንጨት ይጎረጉራል። ለገጠር መንገድ የታሰቡት ፓራፋንጎ ግን ከፍ ብሎ ስለሚቀመጥ ጭቃው መውጫ አለው። ይህ የጥራት ጉዳይ አይደለም፤ ሞተሩን የነደፈው ሰው ማንን እያሰበ ነበር የሚለው ጉዳይ ነው። በጋ ሲሆን ደግሞ ጭቃው አቧራ ሆኖ በአየር ማጣሪያው በኩል ሲሊንደሩን ይፈልጋል። ጭነቱም አለ። አምራቾቹ ለ125 ሲሲ ሞተር ሰውን ጨምሮ 150 ኪሎ አካባቢ ይፈቅዳሉ፤ የገበያ ቀን ሲሆን አንድ ኩንታል ጤፍ ወይም የጀልዱ ድንች ከነባለቤቱና ከነአሽከርካሪው ይጫናል። የኋላ ጎማ ኩሽኔታ ቶሎ ቢያልቅ፣ የቸርኬው ሽቦዎች ቢበጠሱ ፋብሪካውን መክሰስ ትንሽ ድፍረት ይጠይቃል።

ለእንዲህ ያለ አገር ብሎ መጀመሪያ ከተነደፉት አንዱ ያማሃ ኤጂ 100 ነው። በመንግሥት መሥሪያ ቤትና በዕርዳታ ድርጅት ግቢዎች የሚታየው፣ ከፊትም ከኋላም የዕቃ መጫኛ ያለው ቀጭኑ ሞተር ማለት ነው። «ኤጂ» ግብርናን ያመለክታል፤ የተሠራው ለአውስትራሊያና ለኒውዚላንድ ገበሬዎች ነበር። 97 ሲሲ ብቻ ነው። ካቴናው ሙሉ በሙሉ በመሸፈኛ ውስጥ ስለሚሄድ ጭቃና አቧራ አይደርሱበትም። መቆሚያው በግራም በቀኝም ስላለ ተዳፋት ላይ በፈለጉት ጎን ይቆማል። ሞተሩ ቱ ስትሮክ ነው፤ ቫልቮላ የለውም፣ ዘይቱንም ከቤንዚን ጋር አብሮ ያቃጥላል። የሚንቀሳቀስ ክፍሉ ጥቂት በመሆኑ የሚበላሽበትም ጥቂት ነው። ቱ ስትሮክ ሞተር ግን ረጅም ቁልቁለት ላይ ጠላት አለበት። ዘይቱ በታንክ ውስጥ ከቤንዚን ጋር የሚቀላቀል ከሆነ፣ ከጌዶ ደጋ 1,650 ሜትር ወዳለችው ወደ ባኮ ጋዙን ዘግቶ የሚወርድ ሰው ቤንዚን ብቻ ሳይሆን ዘይትም ነፍጎታል፤ ፒስቶኑ እየሮጠ በደረቁ ይፋጫል። ያማሃ ይህን ለማስቀረት አውቶሉብ የሚለውን የራሱን የዘይት ፓምፕ ገጠመ፤ ጋዙ ቢዘጋም ሞተሩ እስከዞረ ድረስ ጥቂት ዘይት ይደርሳል። ፓምፑ ተበላሽቷል ብሎ ነቅሎ ጥሎ በታንክ የሚቀላቅል ሰው ያንን ጥበቃ አብሮ እየነቀለው ነው።

ከጃፓን የወጣው ትልቁ ታሪክ ግን የሆንዳ ሲጂ 125 ነው፤ ኢትዮጵያ ውስጥ ስሙን የማያውቀው ሰው ሁሉ ልጆቹን ያውቃል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ የሆንዳ መሐንዲሶች ሞተሮቻቸው በታዳጊ አገሮች ለምን በአጭር እንደሚቀጩ ለማየት ወጡ። ያገኙት ነገር ለእኛ እንግዳ አይደለም፦ ዘይት አይቀየርም፣ ካቴና አይወጠርም፣ የአየር ማጣሪያ አይጸዳም፣ ጭነቱ ልክ የለውም። ሌላ ድርጅት ቢሆን የአጠቃቀም መመሪያውን ያወፍር ነበር። እነሱ ሞተሩን ለውጠው ሠሩት።

በጊዜው ሆንዳ የሚኮራበት አሠራር ካሙን ከላይ ቴስታታው ላይ አስቀምጦ በቀጭን ካቴና የሚያሽከረክር ነበር። ፈጣን ነው፤ ነገር ግን ዘይቱ ሲያረጅና ሲያንስ መጀመሪያ የሚጠማው ያ ከሁሉ በላይ የተቀመጠው ካም ነው። በሲጂው ካሙን ወደ ታች፣ ወደ ኮሎው ጎን አውርደው በጥርስ እንዲዞር አደረጉት፤ ከዚያ ሁለት ቀጫጭን ዘንጎች ወደ ላይ ወጥተው ቫልቮላዎቹን ይገፋሉ። የሚላላ የካም ካቴና የለም። ዘይቱም ለካሙ ቅርብ ነው፤ ቆሻሻውን ደግሞ በዙረት ኃይል ወደ ዳር የሚወረውር ማጣሪያ ከኮሎው ጋር ይዞራል። የቫልቮላውን ክፍተት ወደ 0.08 ሚሊ ሜትር ለማስተካከል አንድ ቁልፍና ትዕግሥት ይበቃል። ለዚህ ሁሉ የሚከፈለው ዋጋ ትንሽ ጉልበት ማነስና ያ የማያቋርጥ የቴስታታ «ጠቅ ጠቅ» ነው። ፓኪስታን ውስጥ አትላስ ሆንዳ ይህንኑ ሞተር ለአሥርተ ዓመታት ሲሠራው ኖሯል።

በቅሎን «አባትሽ ማነው?» ቢሏት «እናቴ ፈረስ ናት» አለች ይባላል። በቻይና ሞተሮችም ላይ ነገሩ ይኸው ነው። ታንኩ ላይ የፈለገው ስም ቢለጠፍ፣ ጎንበስ ብሎ ከማርሽ መርገጫው አካባቢ የተመታውን ቁጥር ማንበብ የዘር ሐረጉን ያወጣል። 156ኤፍኤምአይ የሚል ካለ፣ የመጀመሪያዋ 1 ባለ አንድ ሲሊንደር ነው ማለት ነው፤ 56 የሲሊንደሩ ስፋት በሚሊ ሜትር ነው፤ ኤፍ በአየር የሚቀዘቅዝ፣ ኤም የሞተር ሳይክል፣ አይ የ125 ሲሲ መደብ ነው። 162ኤፍኤምጄ ከሆነ 150 ሲሲ ነው። በሲሊንደሩ ጀርባ የካም ካቴና መወጠሪያ ከሌለው፣ የሲጂው ልጅ ነው ብሎ መወራረድ ይቻላል። የ125ቱ ስፋት 56.5፣ ምቱ 49.5 ሚሊ ሜትር፤ ሥዕሉ የሆንዳ ሥዕል ነው።

እንግዲህ ሥዕሉ አንድ ከሆነ ስሙ ለምን ይለያያል? ሥዕል ላይ የማይታየው ነገር ስላለ ነው። ካሙ የሚነካው ገጽ በእሳት በሚገባ ካልጠነከረ፣ ቅርጹ ትክክል ቢሆንም ባጭር ጊዜ ይበላል። ብሎኑ ከለስላሳ ብረት ከሆነ ሁለተኛ ጊዜ ሲጠብቅ ይላጣል። ኩሽኔታው ርካሽ ከሆነ፣ የኤሌክትሪክ ሽቦው መገጣጠሚያ ውኃ ካስገባ፣ ሞተሩ ደህና ሆኖ ሞተር ሳይክሉ መንገድ ላይ ይቆማል። እንደ እኔ ግምት እዚህ አካባቢ በቻይና ሞተር ላይ ከሚሰነዘረው እርግማን እኩሌታው ለሽቦው እንጂ ለፒስቶኑ አይገባም። በዚያ ላይ የቻይና የሞተር ከተማ በምትባለው ቾንግቺንግ አንዱ ፋብሪካ ቴስታታ፣ ሌላው ኮሎ፣ ሌላው ቻሲስ ሠርቶ አራተኛ ወገን በአሥር ስም ሊገጣጥመው ይችላል፤ ጥሩውና መናኛው አንድ ቀለም ተቀብተው አንድ ኮንቴይነር ውስጥ ይመጣሉ። የአዲስ አበባ ሰው በታክሲነቱ የሚያውቀው ሊፋንም እ.ኤ.አ. በ1992 እዚያችው ከተማ ሲመሠረት ሥራው ሞተር ሳይክል ነበር።

የቻይና ሞተር ሐሜት የእኛ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2000 እና በ2001 የቻይና ሞተሮች ከጃፓኖቹ በጣም ባነሰ ዋጋ ቬትናምን አጥለቀለቁ፤ ሆንዳ ገበያውን ሊያጣ ደረሰ። ብዙ ሳይቆይ ገዢዎቹ ብልሽቱ ሲበዛባቸው መሸሽ ጀመሩ። ሆንዳ ግን በዝናው ተማምኖ አልተቀመጠም፤ በ2002 ዌቭ አልፋ የሚባል ርካሽ ሞተር አወጣ፣ ለዚያም ከቻይና ክፍሎች ገዛ። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ደግሞ ሞተሮቹን ሲገለብጥ ከነበረው ከሰንዲሮ ጋር ቻይና ውስጥ ሽርክና መሥርቶ ነበር። ለመሆኑ ጃፓኖቹስ ከየት ተማሩ? ያማሃ እ.ኤ.አ. በ1955 ያወጣው የመጀመሪያው ሞተር ዋይኤ 1 የተቀዳው ከጀርመኑ ዲኬደብልዩ አርቲ 125 ነው። ከዚያው ጀርመናዊ ሞተር እንግሊዞች፣ አሜሪካኖችና ሩሲያውያንም ከጦርነቱ በኋላ ቀድተዋል።

ሕንዶቹ ሌላ መንገድ ያዙ፤ ከመገልበጥ ይልቅ ተጋቡ። ሂሮ ከሆንዳ፣ ቲቪኤስ ከሱዙኪ፣ ባጃጅ ከካዋሳኪ ጋር እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ተጣምረው ሥራውን ከባለቤቱ ተማሩ፤ ኋላ በየተራ ተለያዩ። ሂሮ በ2010፣ ቲቪኤስ በ2001። በመካከሉ የሕንድ ገዢ የራሱን ፈተና አቀረበላቸው፦ ቤተሰቡን ሁሉ የሚጭን ረጅም ወንበር፣ ጎርባጣ መንገድ የሚችል ሾክ፣ ከሁሉ በላይ በሊትር ብዙ ኪሎ ሜትር። ስለዚህ እንደ ባጃጁ ቦክሰርና እንደ ቲቪኤሱ ኤችኤልኤክስ ያሉት ሞተሮች ለሩጫ አልተሠሩም፤ በዝቅተኛ ዙር መጎተትን ነው የሚያውቁት። ቲቪኤስ አሁን ሆሱር በሚገኘው ፋብሪካው ትንንሾቹን የጀርመን ቢኤምደብልዩ ሞተሮች ይሠራል። ባጃጅም ለኦስትሪያው ኬቲኤም እንዲሁ። ጀርመን ተብሎ የሚሸጥ ሞተር ከሕንድ ፋብሪካ ሲወጣ፣ የአምቦው ገዢ ጥያቄ መልስ ያጣል።

ለእኔ ብይን ስጥ ብባል፣ ራሱ የማይጠግን፣ በየቀኑ አምቦና ጉደር መካከል የሚመላለስ ሰው ሕንዱን ቢገዛ አይቆጨውም። ቁልፍ መጨበጥ የሚያውቅና ብሎን በየሳምንቱ የሚያጠብቅ ከሆነ ባለ ዘንጉን የቻይና ሞተር ይግዛ፤ ከገዛ በኋላም ሽቦውን አንዴ አስፈትሾ እንደገና ያስጠቅልል። ያማሃው ግሩም ነው፤ ነገር ግን ግሩም ሞተር አንዲት ክፍል ከአዲስ አበባ እስክትመጣ ጋራዥ ግድግዳ ተደግፎ ሲውል ከመናኛው አይሻልም። የሲጂ ዘር ፒስቶንና ፋሻ ግን በትንንሽ ከተሞች መደርደሪያ ላይ ሳይቀር ይገኛል። እዚያው መደርደሪያ ላይ ታዲያ «ኦርጅናል» የሚል ካርቶን ውስጥ ምን እንዳለ ሻጩም ላያውቅ ይችላል።

አንድ ነገር ሦስቱንም አገር እኩል ይገድላል፤ ዘይት። የአብዛኛዎቹ ባለ አራት ስትሮክ ሞተሮች ዘይት አንድ ሊትር ገደማ ነው፤ ያችው አንድ ሊትር ፒስቶኑን፣ ካምቢዮውንና ፍሪሲዮኑን በአንድ ላይ ታገለግላለች። በየ1,000 እስከ 2,000 ኪሎ ሜትር መቀየር የሚገባውም በዚህ ምክንያት ነው። ለመኪና የተሠራ፣ ፍትጊያን የሚቀንስ ቅመም የገባበት ዘይት ከተጨመረ ፍሪሲዮኑ መንሸራተት ይጀምራል፤ ባለቤቱም ደህናውን የፍሪሲዮን ሸራ አውጥቶ ይጥላል።

በእኛ አቆጣጠር በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ ሞተር ሳይክልም ወሬው በርትቷል፤ ጃፓናዊ የመሠረተው ዶዳይ አዲስ አበባ ውስጥ ይገጣጥማል። ለምዕራብ ሸዋ ትልቅ ጸጋ ይዞ ይመጣል፦ አየር ስለማይፈልግ ከፍታው ጉልበቱን አይቀንሰውም፤ ወንጪ አፋፍ ላይም ሆነ ባኮ ላይ ያው ነው። ረጅም ዳገት ከነጭነቱ በዝግታ ሲወጣ ግን የሚሞቀው ኃይል የሚቆጣጠረው ሳጥን ነው፤ ሙቀቱ ከበዛ ራሱን ለማዳን ጉልበት ይቀንሳል። ለዚህ ሞተር የሚቀርቡት ጥያቄዎች ሌሎች ናቸው፦ ባትሪው ስንት ጊዜ ተሞልቶ እስኪደክም ዋስትና አለው፣ ሳጥኑ የክረምት ውኃ አያስገባም ወይ፣ ቢቃጠል የሚተካው አምቦ ይገኛል ወይስ አዲስ አበባ።