ግድግዳ ላይ የተለጠፈው ዝርዝር

በወረዳ ጽሕፈት ቤት ግድግዳ ላይ የስም ዝርዝር ሲለጠፍ ሰው ይሰበሰባል። አንዱ በጣቱ እየተከተለ ከላይ እስከ ታች ያነባል። ዐይናቸው የደከመ እናት አጠገባቸው የቆመውን ወጣት «ልጄ፣ እስቲ የኔን ፈልግልኝ» ይሉታል። ስሙን ያገኘ ተመስገን ብሎ ይሄዳል፤ ያጣ ቅሬታውን ይዞ ወደ ውስጥ ይገባል። የመንግሥት ገንዘብ በፍትሕ ተከፋፈለ አልተከፋፈለም የሚለው ጥያቄ ከምክር ቤት አዳራሽ ይልቅ እዚህ ግድግዳ ሥር ይፈተናል።

ዝርዝሩን የሚያወጣው ድሆችን የሚደግፈው የከተማ ልማታዊ ሴፍቲኔት ነው። በገጠር ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ሲሠራበት የቆየው ይህ አሠራር ወደ ከተማ የገባው በ2009 ዓ.ም. ነው። አዲስ አበባን፣ ድሬዳዋን፣ ደሴን፣ ሐዋሳንና ጋምቤላን ጨምሮ በ11 ከተሞች 604,000 ሰዎችን ለመድረስ ታቀደ። ከተመደበለት 450 ሚሊዮን ዶላር 300 ሚሊዮኑ ከዓለም ባንክ፣ 150 ሚሊዮኑ ከኢትዮጵያ መንግሥት ነበር። ከተጠቃሚዎቹ 84 በመቶ ያህሉ በአካባቢ ልማት ሠርተው ይከፈላቸው ነበር። የቀሩት በእርጅና፣ በአካል ጉዳት ወይም በጽኑ ሕመም ምክንያት መሥራት የማይችሉ ስለሆኑ ቀጥታ ድጋፍ ያገኙ ነበር።

ኮልፌ ቀራንዮ ለዚህ ሥራ ትልቅ ፈተና ነው። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ 428,895 ነዋሪ ነበረው፤ በሕዝብ ብዛት ከአዲስ አበባ ክፍለ ከተሞች አንደኛ። በዘነበወርቅ፣ ለሥጋ ደዌ ሕክምና በተቋቋመው በአለርት ሆስፒታል ዙሪያ፣ በሽታው ያገለላቸው ሰዎች ቤት ሠርተው ልጅ አሳድገዋል። ከዚያ ብዙም ሳይርቅ የከተማው ቆሻሻ መጣያ ቆሼ አለ። ሴፍቲኔቱ በተጀመረበት በዚያው ዓመት፣ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሻሻው ተራራ ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎችን ቀብሯል። ድሃ ቤቱን የት እንደሚሠራ ያን ቀን ሀገር ሁሉ አየ።

ታዲያ ገንዘቡ ከፌዴራል መንግሥት ተነሥቶ እስከ ዘነበወርቅ ጓዳ እንዴት ይደርሳል? በመጀመሪያው ዙር የሚሠሩትን የከተማ ልማትና ቤቶች ሚኒስቴር፣ መሥራት የማይችሉትን የሠራተኛና ማኅበራዊ ጉዳይ ሚኒስቴር ያዘ። ገንዘቡን የሚያስተዳድረው የገንዘብና ኢኮኖሚ ትብብር ሚኒስቴር ነበር። ከእነሱ ሥር ከተማው፣ ክፍለ ከተማው፣ ወረዳው፣ በመጨረሻም ቀጠናው አለ። አንዱ ቢዘገይ የሚዘገየው የእናትየው የወር ክፍያ ነው። መሥሪያ ቤቶች ተቀናጁ አልተቀናጁም የምትለዋ ሪፖርት ላይ የምታሰለች ሐረግ፣ እዚህ ታች ስትደርስ ዳቦ ተገዛ አልተገዛም ማለት ናት።

ለሁሉም ወረዳ በአንድ ጊዜ ስለማይዳረስ በአዲስ አበባ ቀዳሚዎቹ ወረዳዎች በዕጣ ተለዩ። በወረዳው ውስጥ ግን ዕጣ አይሠራም፤ ተጠቃሚውን የሚለየው የቀጠና ልየታ ኮሚቴ ነው። የኮሚቴው አባላት የሰፈሩ ሰዎች ናቸው። ማን ቤት ምድጃ እንደማይነድ ለጎረቤት መንገር ለቀባሪ ማርዳት ነውና። ይሁን እንጂ ጎረቤት ዘመድም አለው፣ የተቀያየመውም አለ። ስለዚህ ኮሚቴው ያቀረበው ስም በኑሮ መመዘኛ ይጣራል፤ ዝርዝሩ በአደባባይ ይለጠፋል፤ ቅሬታም ይሰማል። ከሁሉም ጠንካራው የዝርዝሩ በአደባባይ መለጠፍ ነው ብዬ አምናለሁ። መመዘኛ ይሳሳታል፣ ኮሚቴ ያዳላል፤ የተለጠፈ ወረቀትን ግን ሁሉም ያየዋል።

የተመረጠው ቤተሰብ መንገድ ይጠርጋል፣ የውሃ መውረጃ ቦይ ይከፍታል፣ ችግኝ ይተክላል። በመጀመሪያው ዙር ክፍያው በቀን 60 ብር ነበር፤ ከዚያ ላይ 20 በመቶው በባንክ ይቆጠብ ነበር። በሦስት ዓመት ውስጥ የሥራው ቀን እየቀነሰ ሲሄድ፣ ሥልጠናና ወደ 500 ዶላር የሚገመት የሥራ ማስጀመሪያ ገንዘብ ይከተል ነበር።

ተመራማሪዎች በዕጣ ቀድመው የገቡትን ወረዳዎች ከሚጠብቁት ጋር አነጻጽረው ነበር። ሰፈሮቹን ጸድተው ተሻሽለው አገኟቸው። ሴፍቲኔቱ ከተማውን በሙሉ ሲያዳርስ በግል ሥራ ላይ ያለው ደመወዝ በ18.6 በመቶ እንደሚጨምርም አሰሉ። ድሃው ሌላ አማራጭ ሲያገኝ ቀጣሪው ዋጋውን ከፍ ያደርጋል። ስሙ ግድግዳው ላይ ያልወጣ የቀን ሠራተኛም ከዚህ ይጠቀማል ማለት ነው።

ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ መርሐ ግብሩ የወጣቶችን የሥራ ልምምድ ጨምሮ ወደ 83 ከተሞች ሰፍቷል። ነገር ግን አንድ ትልቅ ክፍተት አለ፤ ከ1999 ወዲህ ሀገር አቀፍ የሕዝብ ቆጠራ አልተካሄደም። በዚያ ዓመት የተወለደ የኮልፌ ልጅ ዛሬ ለአቅመ አዳም ደርሷል። ያልተቆጠረን ሰው በድርሻ ማሰብ አይቻልም። ቆጠራው እስኪመጣ ያንን ጉድለት የሚሞላው ቀጠናው ውስጥ በእግሩ የሚዞር የኮሚቴ አባል ነው፤ ከእሱም ዐይን ያመለጡት ቅሬታ ይዘው የሚመጡ እናት ናቸው። እኒህ እናት ወረዳው በር ላይ ሲደርሱ «ቆይ፣ ነገ ነይ» ሳይሆን ወንበር ሊሰጣቸው ይገባል።