የሴቶች የፀጉር መርገፍ፦ መንስኤውን ለይቶ በጊዜ መታከም

ፀጉሯ መሳሳት ወይም መርገፍ የጀመረ ሴት በአብዛኛው በቅድሚያ የምታማክረው ጎረቤቷን፣ ሹሩባ የምትሠራላትን ባለሙያ ወይም በገበያ ቅባት የሚሸጥ ነጋዴን ነው። ወደ ጤና ተቋም የምትመጣው ገንዘቧንና በርካታ ወራትን ከጨረሰች በኋላ፣ አንዳንዴም ለዓመታት ሻሽ አስራ ከቆየች በኋላ ይሆናል። አንዳንዱ የፀጉር መርገፍ መንስኤው ሲወገድ በራሱ ይመለሳል። ሌላው ግን የፀጉሩ ሥር በጠባሳ ከተተካ በኋላ የትኛውም ቅባት ወይም መድኃኒት አያበቅለውም። ይህ መረጃ በወላይታ ሶዶ ከተማና በዞኑ ወረዳዎች የሚኖሩ ተገልጋዮች ሁለቱን እንዲለዩና ተገቢውን አገልግሎት በጊዜ እንዲያገኙ ለማገዝ የተዘጋጀ ነው።

ጤናማ ሰው በቀን ከ50 እስከ 100 የሚደርስ ፀጉር ይረግፍበታል። በሹሩባ የተያዘ ፀጉር ቢረግፍም ከራስ ላይ አይወርድም፤ እዚያው ተጠላልፎ ይቆያል። ስለዚህ ሁለት ሳምንት የቆየ ሹሩባ ሲፈታ አንድ ሺህ ያህል ፀጉር በአንድ ጊዜ በማበጠሪያ ላይ ቢታይ የሁለት ሳምንቱ ድምር እንጂ በሽታ አይደለም። ሊያሳስብ የሚገባው የራስ ቆዳ መታየት ሲጀምር፣ የፀጉር መክፈያው መስመር ሲሰፋ፣ በግንባርና በጆሮ ግንድ አካባቢ ያለው ፀጉር ወደ ኋላ ሲሸሽ ወይም ክብ መላጣ ሲታይ ነው።

ከወሊድ፣ ከሕመምና ከደም ማነስ በኋላ

በእርግዝና ወቅት በሆርሞኖች ምክንያት መርገፍ የነበረበት ፀጉር ሳይረግፍ ይቆያል። ከወሊድ በኋላ ሆርሞኖቹ ሲቀንሱ የዘገየው ፀጉር ከሁለት እስከ አራት ወር ባለው ጊዜ ውስጥ በብዛት ይረግፋል። አብዛኛውን ጊዜ ሕፃኑ አንድ ዓመት እስኪሞላው ፀጉሩ ይመለሳል። መርገፉ ጡት በማጥባት የመጣ ስለሚመስላቸው ልጃቸውን ጡት ለማስጣል የሚያስቡ እናቶች አሉ። ይህ ትክክል አይደለም፤ ሕፃኑንም ይጎዳል።

በቆላማ ቀበሌዎች የሚከሰተው ወባ፣ የአንጀት ተስፋቦ፣ ቀዶ ሕክምና፣ ፈጣን የክብደት መቀነስና ከባድ ሐዘንም ተመሳሳይ መርገፍ ያስከትላሉ። መርገፉ የሚታየው ከሁለት እስከ ሦስት ወር ዘግይቶ በመሆኑ ታማሚዋ ሕመሙን ረስታ ሰሞኑን የቀየረችውን ሳሙና ወይም ቅባት ተጠያቂ ታደርጋለች። በምርመራ ጊዜ ባለፉት ስድስት ወራት የነበረውን የጤና ሁኔታ ለባለሙያ መናገር የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

መርገፉ ከድካም፣ ከራስ ማዞር፣ ከልብ ትርታ መፍጠን ወይም ከከባድ የወር አበባ ጋር ከመጣ የደም ማነስ መኖሩን መመርመር ያስፈልጋል። በዞኑ የዘወትር ምግብ የሆኑት ቆጮ፣ ስኳር ድንችና ጎደሬ በዋናነት ኃይል ሰጪ ምግቦች ናቸው። ቦሎቄ፣ ጎመን፣ ሲገኝም ሥጋ ሊታከሉባቸው ይገባል። ቡናና ሻይ፣ የቡና ቅጠል መጠጥም ጭምር፣ ብረት ማዕድን ወደ ሰውነት እንዳይገባ ስለሚቀንሱ ከምግብ ወይም ከአይረን እንክብል ጋር ሳይሆን ከአንድ ሰዓት በላይ ቆይቶ መጠጣት ይመረጣል። ቡና መተው አይጠበቅብዎትም፤ ሰዓቱን ማራቅ በቂ ነው። እንቅርት ያለባቸው ሴቶችም የፀጉር መርገፍ ከእጢው ሥራ መዛባት ጋር ሊያያዝ ስለሚችል ይህንኑ ለባለሙያ ይግለጹ።

ጥብቅ ሹሩባና ኬሚካል

ለመከላከል ቀላል፣ ከዘገየ በኋላ ግን ለማከም እጅግ አስቸጋሪ የሆነው መርገፍ ይህ ነው። ፀጉር ለረጅም ጊዜ በኃይል ሲጎተት ሥሩ ይቆጣል፤ ጉተታው ለዓመታት ሲደጋገም ሥሩ ይሞትና ቦታው በጠባሳ ይሸፈናል። እንደ ጊፋታ ያሉ በዓላትና ሠርግ ሲቃረቡ ሹሩባው እንዲበረክት በሚል ጠበቅ ተደርጎ ይሠራል፣ ሰው ሠራሽ ፀጉር ይቀጠልበታል፣ ክብደቱም በግንባር ዳር ባለው ቀጭን ፀጉር ላይ ያርፋል። በኬሚካል በተለሰለሰ ፀጉር ላይ ሲሠራ ጉዳቱ ይብሳል፤ ፒያስትራና ካስክ ሲደጋገሙበትም ፀጉሩ ይሰባበራል።

ቀዳሚዎቹ ምልክቶች ሹሩባው ከተሠራ በኋላ የሚሰማ ሕመም፣ በግንባር ዳር የሚወጡ ትናንሽ ብጉሮችና የፀጉሩ መስመር መሳሳት ናቸው። በዚህ ደረጃ ሹሩባውን ፈትቶ ፀጉሩን ማሳረፍ ብቻውን ፀጉሩን ሊመልሰው ይችላል። “የሚያም ሹሩባ ይበረክታል” የሚለው አነጋገር ከጤና አንጻር ተቀባይነት የለውም፤ ካመመ ጠብቋል ማለት ነው። ይህ በተለይ ለሴት ልጆች መታወቅ አለበት። በሕፃንነት የተጀመረ ጉተታ ውጤቱ የሚታየው ከዓመታት በኋላ ነውና እናቶች የልጆቻቸውን የግንባር ዳር ፀጉር በየጊዜው ቢመለከቱ መልካም ነው።

ክብ መላጣና የመሐል አናት መሳሳት

ቅርፊት ያለውና የሚያሳክክ መላጣ፣ በተለይ በሕፃናት ላይ ሲታይ፣ ላሽ ሊሆን ይችላል። በፈንገስ የሚመጣ ስለሆነ በማበጠሪያ፣ በሻሽና በፀጉር መላጫ ይተላለፋል። ፈንገሱ ፀጉሩ ውስጥ ስለሚገባ ቅባት ብቻውን አያድነውም፤ በሐኪም የታዘዘ የሚዋጥ መድኃኒት ለሳምንታት መውሰድ ያስፈልጋል። ቅርፊት የሌለው፣ ልስልስና ክብ መላጣ ግን የሰውነት የመከላከያ ሥርዓት የራሱን የፀጉር ሥር ሲያጠቃ የሚመጣ ነው። አይተላለፍም፤ በእርግማንም ሆነ በሰው ዓይን የመጣ አይደለም።

በዕድሜና በዘር የሚመጣው መሳሳት ከአናት መሐል ይጀምራል። ለዚህ የሚታዘዘው በራስ ቆዳ ላይ የሚቀባ ሚኖክሲዲል ውጤቱ የሚታወቀው ከአራት እስከ ስድስት ወር ከተጠቀሙ በኋላ ሲሆን፣ ሲቋረጥ መሳሳቱ ይመለሳል። ነፍሰ ጡርና የሚያጠቡ እናቶች ሊጠቀሙበት አይገባም። ቅቤ ፀጉርን ያለሰልሳል፣ መሰባበርንም ይቀንሳል፤ የሞተ ሥርን ግን አያስነሳም። ነጭ ሽንኩርት ማሸት ቆዳን ሊያቃጥል ይችላል።

አገልግሎቱ የት ይገኛል?

በመጀመሪያ የሚኬደው በአቅራቢያ ወደሚገኝ ጤና ጣቢያ ነው። በዚያም የራስ ቆዳ ይታያል፣ እንደ አስፈላጊነቱም የደም ማነስ ምርመራ ይደረጋል። ለነፍሰ ጡሮች የአይረንና ፎሊክ አሲድ እንክብል በእርግዝና ክትትል ወቅት ይሰጣል። ከጤና ጣቢያው አቅም በላይ የሆነ ሕመም በሪፈር ወደ ሆስፒታል ይተላለፋል። በሶዶ ከተማ ኦቶና በሚለው ስሙ የሚታወቀው የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ኮምፕሬሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ይገኛል። በአዲስ አበባ ደግሞ በቆዳ ሕክምና የረጅም ዘመን ልምድ ያለው አለርት ሆስፒታል አለ።

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባላት የታደሰ መታወቂያቸውንና የሪፈር ወረቀታቸውን መያዝ ይጠበቅባቸዋል። የሪፈር ቅደም ተከተሉን ሳይጠብቁ መሄድ ለተጨማሪ ወጪ ይዳርጋል። ለመዋቢያ ብቻ የሚሰጡ አገልግሎቶች በመድኑ አይሸፈኑም። ሆኖም የፀጉር መርገፍ የደም ማነስ፣ የፈንገስ ወይም የእጢ ሕመም ምልክት ሊሆን ስለሚችል “የውበት ጉዳይ ነው” በሚል ከምርመራ መቅረት አይገባም።

የራስ ቆዳ እየቆሰለ፣ መግል እየያዘ ወይም ጠባሳ እየሠራ ከሆነ ሳይዘገዩ ይምጡ። ከቀጠሮው በፊት ሹሩባውን ይፍቱ፣ የሚጠቀሙበትን ቅባት ወይም ኬሚካል ከነዕቃው ይያዙ፤ ከተቻለም የመላጣውን ፎቶ በየወሩ በስልክ ያንሱ። ፀጉር በወር የሚያድገው አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ በመሆኑ ሕክምናው መሥራቱን በሳምንታት ውስጥ በዓይን መለየት አይቻልም።