ቅልጥፍናና ፍትሕ በሆስፒታል አስተዳደር

የኢትዮጵያ ሆስፒታሎች ባለፉት ሁለት ዐሥርት ዓመታት የአሠራር ለውጥ መርሐ ግብሮችን በተከታታይ ተቀብለዋል። የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር በ2002 ዓ.ም. ያወጣው የሆስፒታሎች ማሻሻያ መመሪያ፣ ተመላላሽ ታካሚ ሐኪም ዘንድ እስኪቀርብ የሚጠብቀውን ጊዜ፣ አልጋዎች ምን ያህል እንደተያዙና ተኝቶ ታካሚ በአማካይ ስንት ቀን እንደቆየ በቁጥር መለካትን አስለመደ፤ በ2004 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት ከተቋቋመ ወዲህም፣ ከጃፓን ፋብሪካዎች የመነጨውና ብክነትን በየዕለቱ በጥቂት በጥቂቱ የማስወገድ ፍልስፍና የሆነው ካይዘን፣ ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድና ማዝለቅ በተሰኙት «5ቱ ማዎች» አማካይነት ወደ ሕክምና ተቋማት ዘልቋል።

ብክነትን መዋጋት በራሱ የሥነ ምግባር ግዴታ ነው፤ በግምጃ ቤት ተቀምጦ ጊዜው ያለፈበት መድኃኒት ለአንድ ሕመምተኛ ሊደርስ ይገባው የነበረ ፈውስ ነውና፣ ካርዱ እስኪገኝ ግማሽ ቀን የሚንገላታ ገበሬም ዋጋውን የሚከፍለው ከእርሻው ነው። ጥያቄ የሚነሣው ግን ለምርት የተበጀ መለኪያ በሰው ላይ ሲውል ነው፤ ሕመምተኞች የሚመጡት ከተለያየ ርቀትና በተለያየ አቅም እንደ መሆኑ፣ አንድ ወጥ አማካይ ቁጥር ሁሉንም በእኩል ሊመዝን አይችልም።

ከስሜን ተራሮች ቀበሌዎች ለሰዓታት ተጉዛ ደባርቅ ሆስፒታል የደረሰች ወላድ በማግስቱ ብትሰናበት የአልጋ ቆይታው ያጥራል፤ ይሁን እንጂ ለከተማ ነዋሪ የሚበቃው ቆይታ፣ ሌሊት ደም ቢፈስሳት በቶሎ ልትመለስ ለማትችለው ለእርሷ አይበቃም። እንደዚሁም ይኸው ሆስፒታል የሚመዘነው በሞት መጠኑ ብቻ ከሆነ፣ ሕመሙ የጠናበትን ሰው በዳባትና በኮሶዬ በኩል 100 ኪሎ ሜትር ገደማ አሳልፎ ወደ ጎንደር የመላክ ፈተና ይገጥመዋል፤ ይህ ዓይነቱ ሪፈር የላኪውን ሪፖርት ያሳምራል እንጂ፣ ሕክምናው እዚያው ሊሰጥ ይችል ከነበረ፣ ለታካሚው እንግልትን፣ ለአስታማሚው ወጪን፣ ለተቀባዩ ሆስፒታል ጫናን ይጨምራል።

ስለዚህ የፍጥነት መለኪያ ሁሉ ከጎኑ የጥንቃቄ መለኪያ ሊኖረው ይገባል፤ ቆይታ ሲቆጠር ከተሰናበቱ በኋላ ታመው የተመለሱት፣ የጥበቃ ጊዜ ሲቆጠር ስለ ሕመማቸው በሚገባቸው ቋንቋ የተነገራቸው፣ የተቆጠበው ገንዘብ ሲቆጠርም መክፈል ያልቻሉት ያገኙት አገልግሎት አብሮ መታየት አለበት። ሚኒስቴሩ ከ2008 ዓ.ም. በጀመረው የአምስት ዓመት ዕቅድ ሩህሩህ፣ አክባሪና ተንከባካቢ ባለሙያን ማፍራት ከዋና አጀንዳዎቹ አንዱ ማድረጉ፣ ቅልጥፍና ብቻውን እንደማይበቃ የተሰጠ ምስክርነት ነው። ሆስፒታልን ቀልጣፋ ለመባል የሚያበቃው እንግዲህ፣ ከሩቅ የመጣው፣ ማንበብ የማይችለውና ገንዘብ ያጠረው ሕመምተኛ ከለውጡ ድርሻውን ማግኘቱ ነው።