ስለ ፎሶሊያ አተካከልና አጠባበቅ

ፎሶሊያና ቦሎቄ አንድ ወገን ናቸው። ለጋው እሸት ከነቅርፊቱ ሲበላ ፎሶሊያ ይባላል፤ በስሎ የደረቀው ፍሬ ግን ቦሎቄ ነው።

ይህ አትክልት ውርጭ አይችልም፤ ውሃ በሚተኛበት መሬትም ሥሩ ይበሰብሳል። ስለዚህ ፀሐይ የሚያገኘውና ውሃ የማይቋጥር መደብ ሊመረጥለት ይገባል። ዘሩ ከ3 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ይቀበራል። በዘርና በዘር መካከል 10፣ በትልምና በትልም መካከል ከ40 እስከ 50 ሳንቲ ሜትር ይተዋል። ሐረግ ለሚጥለው ዐይነት እንጨት ይተከልለታል። እሸቱ ከተዘራ በሁለት ወር ገደማ ይደርሳል። ከዚያ በኋላ በየሁለትና በየሦስት ቀኑ መልቀም ያስፈልጋል፤ ፍሬው ካረጀበት ተክሉ ማበቡን ይተዋልና።

እሸቱ ብዙ ሆኖ በአንድ ጊዜ ስለሚደርስና ከተለቀመም በኋላ ቶሎ ስለሚበላሽ፣ ለኋላ ጊዜ የሚቆይበትን ዘዴ ማወቅ ግድ ነው። በጠርሙስ አሽጎ በተራ ድስት መቀቀል ይበቃል ብሎ ማሰብ ግን ለሞት የሚያደርስ ስሕተት ነው። በአፈር ውስጥ በዓይን የማይታይ ተሐዋሲ ይኖራል፤ ጠንካራው ዘሩ በፈላ ውሃ አይሞትም። አየር በሌለበት በታሸገ ጠርሙስ ውስጥ ሲያድር ብርቱ መርዝ ያወጣል። ከመርዙ የሚመጣው ሕመም ቦቱሊዝም ይባላል፤ የመተንፈሻን ጡንቻ አዝሎ ይገድላል። ምግቡም ሽታውና ጣዕሙ ሳይለወጥ መርዝ ሊኖርበት ይችላል።

የተሐዋሲውን ዘር ለማጥፋት ከ115 ዲግሪ የሚበልጥ ሙቀት ያስፈልጋል፤ ይህም እንፋሎት አምቆ በሚይዝ ልዩ ድስት ካልሆነ አይገኝም። ውሃ በባሕር ዳርቻ በ100 ዲግሪ ሲፈላ፣ እንደ አዲስ አበባ ባለው ደጋ ግን በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። እንግዲህ በደጋ አገር ጥንቃቄው ሊበልጥ ይገባል።

ለገጠር ቤት የሚስማማው መንገድ በበጋ ፀሐይ ማድረቅ ነው። እሸቱ ታጥቦ፣ ጫፍና ጫፉ ተቆርጦ ይከተፋል፤ በፈላ ውሃ 4 ደቂቃ ያህል ቆይቶ ወዲያው በቀዝቃዛ ውሃ ይነከራል። ከዚያም ተንጠፍጥፎ፣ በንጹሕ ሰፌድ ተሰጥቶ፣ በስስ ጨርቅ ይሸፈናል፤ ማታ ማታ ጤዛ እንዳይነካው ወደ ቤት ይገባል። ሲያጥፉት ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ደርቋል ማለት ነው፤ ርጥበት በማይገባው ዕቃ ይከደናል። ሊበሉት ሲሹ ዘፍዝፎ አብስሎ መብላት ነው።

ለዘር የሚሆነው ከጤነኛ ተክል ላይ ሳይለቀም እስኪደርቅ ይተዋል። የደረቀውም ፍሬ ጥሬውን ወይም ሳይበስል ከተበላ ሆድ ያውካል፤ ስለዚህ አድሮ የተዘፈዘፈበት ውሃ ተደፍቶ፣ በአዲስ ውሃ እየተንተከተከ ፈጽሞ እስኪበስል መቀቀል አለበት።

መምህራን አዘራሩንና አደራረቁን በትምህርት ቤቱ መደብ ላይ ለልጆች በሥራ ቢያሳዩ፣ ሽማግሎችም የጠርሙሱን አደጋ ለጎረቤት ቢያስረዱ፣ የጓሮው በረከት ለቤተ ሰብ ጤና እንጂ ለጥፋት አይሆንም።