ሕፃናትን በዶሮ እርባታ አደራ ስለ ማስለመድ

የአገር ሀብት የሚበዛው በበሬና በማረሻ ብቻ አይደለም፤ የተሰጠውን ሥራ አክብሮ በሚይዝ ሰውም ጭምር ነው። ይህም ጠባይ ካደጉ በኋላ በትእዛዝ የሚገኝ ሳይሆን በሕፃንነት በልምድ የሚገባ ስለ ሆነ፤ ወላጆች ለልጆቻቸው እንደ ዐቅማቸው አደራ ሊሰጡዋቸው ይገባል። ለዚህ ከቤት እንስሳት ሁሉ ዶሮ ትመረጣለች። በሬ ለሕፃን ጉልበት ይከብዳል፤ ላምም የቤተ ሰቡ ሁሉ ተስፋ ናትና የልጅ ስሕተት ብዙ ጉዳት ያመጣባታል። ዶሮ ግን ዋጋዋ አነስተኛ ሲሆን ፍሬዋ ፈጥኖ ይታያል።

ሥራው እንደ ልጁ ዕድሜ ይከፈላል። 5 ወይም 6 ዓመት የሆነው ልጅ ጧት ጧት የውሃውን ሸክላ አጥቦ ይሞላል፤ እንቁላልም ይሰበስባል፤ ከዚያም እጁን በሳሙና ይታጠባል። 8 ዓመት የሞላው በመሸ ጊዜ ዶሮዎቹ ሁሉ በቆጣቸው መሆናቸውን ቆጥሮ በሩን ይዘጋል። አንድ ማታ ቢዘነጋ ሸለምጥማጥ ገብቶ ይፈጃቸዋልና፤ የቸልተኝነትን ዋጋ ያለ ዱላ ይማራል። መጻፍ የሚችለውም የተጣለውን፤ የተበላውንና የተሸጠውን እንቁላል በደብተር ይመዘግባል።

ከሁሉ ይልቅ ትዕግሥትን የሚያስተምረው የማቀፊያው ጊዜ ነው። ዶሮዋ ለማቀፍ በፈለገች ጊዜ ከ10 እስከ 12 የሚሆን ትኩስ እንቁላል በገለባ ላይ ይደረግላታል። ልጁ ቀኑን ጽፎ 21 ቀን ይቆጥራል፤ በዚህም ጊዜ ውሃና ጥሬ ከአጠገቧ እንዳይታጣ ይጠብቃል እንጂ ያለ ምክንያት አይነካትም። በ7ኛው ቀን ማታ ከወላጁ ጋራ ሆኖ እንቁላሉን በመብራት ፊት ቢያየው፤ ሕይወት ያለበት ቀጫጭን የደም ሥር ይታይበታል፤ የሌለበት ግን ጥርት ያለ ነው።

ሒሳብም በዚሁ ይለመዳል። በዐቢይ ጾም 55 ቀን ጿሚው ሕዝብ እንቁላል ስለማይበላ ገዢው ያንሳል፤ ለፋሲካ ግን ዶሮ እጅግ ይፈለጋል። ስለዚህ ልጁ በጾም ወራት እንቁላሉን በርካሽ ከመሸጥ ማሳቀፍ እንደሚሻል፤ የደረሰውንም አውራ ዶሮ እስከ በዓሉ ማቆየት እንደሚጠቅም ራሱ አይቶ ይረዳል።

ነገር ግን ይህን ትምህርት ብዙ ጊዜ የሚያፈርሰው ልጁ ሳይሆን ወላጁ ነው። «ይህች ዶሮ ያንተ ናት» የተባለ ልጅ አሳድጎ ለፍሬ ካደረሳት በኋላ፤ እንግዳ መጣ ወይም በዓል ደረሰ ተብሎ ሳይጠየቅ ትታረድበታለች። በዚህን ጊዜ ልጁ የሚማረው የደከመበት ነገር ለሌላ እንደሚሆንና የትልቅ ሰው ቃል እንደማይታመን ነው። ስለዚህ የቤቱ ችግር የግድ ቢያሰኝ እንኳ አስቀድሞ ይጠየቅ፤ በምትኳም ቄብ ዶሮ ወይም ዋጋዋ ይሰጠው። ሴት ልጅም ጥሬ በትና፤ ጉሮኖ ጠርጋ ስታበቃ ገንዘቡ ለወንድሟ ሊሆን አይገባም። አደራ በሁለቱም ወገን ካልተጠበቀ አደራ አይባልም።

ደግሞም ፈንግል የገባ እንደ ሆነ የአንድ መንደር ዶሮ በጥቂት ቀን ያልቃል፤ ይህን ጊዜ ልጁ በማያውቀው ጥፋት ሊወቀስ አይገባም። የዚህ በሽታ ዋና መከላከያው አስቀድሞ መከተብ ስለ ሆነ፤ ክትባቱ በጊዜው እንዲደርስ ማድረግ የሹማምንት ፈንታ ነው። ስለዚህ በየወረዳው ያሉ ሹማምንት በገበያና በስብሰባ ቀን ሁለቱን ነገር ለወላጆች ቢያስረዱ መልካም ነው፤ ይኸውም ዶሮው በወቅቱ እንዲከተብ፤ ለልጅ የተሰጠውም የልጁ ሆኖ እንዲቀር ነው። አንዲት ዶሮ በታማኝነት የጠበቀና ድካሙ የተከበረለት ልጅ፤ ነገ የእርሻን፤ የማኅበርንና የመንግሥትን ገንዘብ ለመጠበቅ የተዘጋጀ ይሆናል።