ሕመም የሌለው የእርግዝና ደም ለምን ያስፈራል?

ጎንደር፦ ላም ያዋለደ አርሶ አደር ሁሉ ሥርዓቱን ያውቀዋል፤ ጥጃው ይቀድማል፣ እንግዴ ልጁ ይከተላል። በሰውም እንዲሁ ነው። አንዳንድ ጊዜ ግን እንግዴ ልጁ ከማሕፀን የታችኛው ክፍል ላይ ተጣብቆ የማሕፀንን በር በከፊል ወይም ሙሉ በሙሉ ይሸፍናል። የሕክምና ባለሙያዎች "ፕላሴንታ ፕሪቪያ" ይሉታል። በዓለም አቀፍ ደረጃ ከ200 እርግዝናዎች በአንዱ ገደማ ያጋጥማል።

ዋናው ምልክት ከእርግዝናው አጋማሽ በኋላ ያለ ሕመም የሚፈስ ደማቅ ቀይ ደም ነው። አደጋውም ያለው እዚህ ላይ ነው። ምጥ የያዛት እናት ስታቃስት ጎረቤት ይሰበሰባል፤ የማያም ደም ግን ብዙ ሰው አያስደነግጥም። የመጀመሪያው ደም ብዙውን ጊዜ በራሱ ይቆማል፤ ቤተሰብም "ተሻላት" ብሎ ይቀመጣል። ቀጣዩ ደም ግን ከፊተኛው ሊበረታ ይችላል። በእርግዝና መጨረሻ በየደቂቃው ግማሽ ሊትርና ከዚያ በላይ ደም ወደ ማሕፀን ስለሚሄድ፣ እናቲቱ ለሞት የምትቃረበው በአጭር ጊዜ ውስጥ ነው።

ገደልና ዳገት በበዛባቸው የጃናሞራና የበየዳ ቀበሌዎች ለሚኖር ቤተሰብ ይህ ከባድ ነው። ነፍሰ ጡሯን በቃሬዛ ተሸክሞ መኪና ወደሚገባበት መንገድ ማድረስ ብቻውን ሰዓታት ይወስዳል፤ ክረምት ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ስለዚህ ዝግጅቱ ደም ከመታየቱ በፊት መጀመር አለበት።

ችግሩ የሚለየው በአልትራሳውንድ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እያንዳንዷ ነፍሰ ጡር 24 ሳምንት ሳይሞላት አንድ ጊዜ በአልትራሳውንድ እንድትታይ ይመክራል። በዚያን ጊዜ "እንግዴ ልጁ ዝቅ ብሏል" የተባለች እናት መደንገጥ የለባትም፤ ማሕፀን ሲያድግ በአብዛኞቹ ወደ ላይ ይርቃል። በ32ኛው ሳምንት አካባቢ ግን ደግማ መታየት ይኖርባታል።

በሩ እንደተሸፈነ ከቀረ በምጥ መውለድ አይቻልም። ደም ባይፈስም እንኳ በ36ኛውና በ37ኛው ሳምንት መካከል በቀዶ ሕክምና እንድትወልድ ይደረጋል። እስከዚያው ከግብረ ሥጋ ግንኙነት ትቆጠባለች፤ እንስራና የማገዶ ሸክም ለሌላ ይተዋል፤ ሆድ ማሸትም ክልክል ነው። ደም ሲታይ በጣት ውስጧን መመርመር የደም መፍሰሱን ስለሚያባብስ፣ አዋላጇም ብትሆን ይህን ማድረግ የለባትም። የብረት ንጥረ ነገር ክኒን ሳታቋርጥ ትወስዳለች፤ የደም ዓይነቷ አስቀድሞ ይታወቃል፤ ደም የሚለግሱ ዘመዶችም ከወዲሁ ይዘጋጃሉ።

የእናቶች ማቆያን በተመለከተ አንድ ነገር ልብ ይባል። በጤና ጣቢያ ያለው ማቆያ ለብዙ እናቶች ጥሩ አገልግሎት ነው፤ ለዚህች እናት ግን አይበቃም። የመጨረሻዎቹን ሳምንታት መቆየት ያለባት ቀዶ ሕክምናና ደም በሚገኝበት ሆስፒታል አጠገብ ነው፤ ደባርቅ ወይም ጎንደር ከተማ ዘመድ ያላት እዚያ ብትሰነብት ይሻላል።

ደም በድንገት ከታየ በግራ ጎኗ አስተኝቶ ሙቀት እንዳይለያት መሸፈን፣ ወዲያው ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋና ለወረዳው አምቡላንስ መደወል፣ የረጠበውንም ጨርቅ ሳይጥሉ ይዞ መሄድ ያስፈልጋል፤ ሐኪሙ የፈሰሰውን ደም መጠን የሚገምተው ከእርሱ ነው።

ከዚህ ቀደም በቀዶ ሕክምና የወለደች፣ ብዙ ልጆች ያሏት፣ መንታ ያረገዘች ወይም ዕድሜዋ ከ35 ዓመት ያለፈ እናት የበለጠ ተጋላጭ ናት። በተለይ የቀዶ ሕክምና ጠባሳ ያለባት እናት እንግዴ ልጁ ጠባሳው ውስጥ ሥር ሊሰድ ስለሚችል፣ በመጀመሪያው የእርግዝና ክትትል ቀን ጠባሳውን ለባለሙያዋ መንገር አለባት።